የሂርናው ሰርግ ሁለተኛ ካሴት

በርገን፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ የአባቴ እኅት፣ ለአዳዳ ኮከቤ፤

የጌታ ሰላም በቤትዎ ይደር። ጉልበትዎን፣ ዓይንዎን፣ ያንን ክሊኒኩን በሙሉ ያስተዳድር የነበረውን ድምፅዎን ጌታ ይጠብቅልኝ። እኔ የወንድምዎ ልጅ ትዕምርት ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ነው፤ ሾርባ እቀዳለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። እዚህ ከተማ ዝናብ የማይዘንብበት ቀን የለም ይባላል፤ ዘንድሮ ግን ዝናቡም እንደ ሰዉ ዝምተኛ ሆኗል።

እናቴ ካረፈች ዓመት ሞላት። እንደሚያውቁት ስለ አባቴ ብዙ አታወራም ነበር። ስጠይቃት «ቶላ ጥሩ ሰው ነበር» ትልና ድስቱን ትከድናለች። እሱ ሲሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከመቻራ በቡና መኪና ሲመጣ መኪናው እንደተገለበጠ አውቃለሁ፤ መልኩንም ከመታወቂያው ፎቶ አውቀዋለሁ። ድምፁን ግን አላውቀውም። ጎርናና ይሁን ቀጭን፣ ሲናገር ይፍጠን ይዘግይ፣ አንዱንም አላውቅም።

በቀደም ዘመዳችን ባየች ከሂርና በፌስቡክ ጻፈችልኝ። በ1986 የሷ ሰርግ በቪዲዮ ተቀርጾ እንደነበር፣ ካሴቶቹም ሁለት እንደሆኑና እርስዎ ዘንድ እንዳሉ ነገረችኝ። በሁለተኛው ላይ አባቴ ሸጎዬ ያስጨፍራል አለችኝ። እሱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ድምፁ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር አለች። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አዳዳ፣ እባክዎ እነዚህን ካሴቶች ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው ይፈልጉልኝ። ካሴት ሲቆይ ይሻግታል፣ ይጣበቃል ይላሉ። ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም። ብቻ ይህ ዓመት ሳያልቅ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ፣ ትዕምርት ቶላ

*

አሰበ ተፈሪ
ታኅሣሥ 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለትዕምርት፤

የጌታችን ጸጋ ይብዛልሽ፤ እደጊ፣ ስፊ፣ ለሰው ትረፊ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሠላሳ ዓመት ቁሜ የሰው ቁስል ስጠርግበት የኖርኩት ነውና ቢያኮርፍ አልፈርድበትም።

ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ የፖስታ ቤቱ ልጅ «እማማ፣ ዛሬም ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አለ?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። የሰው ልጅ ውጭ አገር ሆኖ በየሳምንቱ ይደውላል፤ የኔዋ እንደ ንጉሡ ዘመን ወረቀት ትጽፋለች። ስልኬን ባየች ሰጥታሻለች አይደል?

አንደኛውን ካሴት አግኝቼ ፋሩቅ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። በከተማችን የቪዲዮ ዴክ የቀረው እሱ ጋ ብቻ ነው። ጉንጩ ሁልጊዜ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ያበጠ ነው፤ ጫት ነው ሕመሙ። ሥራውን ግን ያውቃል። የዴኩን ውስጥ በአልኮልና በጥጥ ሲጠርገው አይቼ እጁን ልመታው ምንም አልቀረኝ፤ «ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚጠረገው» አልኩት። «ይሄ ቁስል አይደለም፣ ኮከቤ» አለኝ። እኔ ደግሞ የሱን አባት መርፌ የወጋሁ ሰው ነኝ፤ እንዲያው ኮከቤ!

አንድ ካሴት ለመገልበጥ የካሴቱን ሰዓት ያህል ይፈጃል። መብራት ከሄደ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ሦስት ጊዜ ሄዶብን በአራተኛው ጌታ ረዳን። ሻጋታውንም ጠርጎ፣ የተጨማደደውን አቃንቶ አወጣው። ፍላሹን ጉባኤ ሊካፈሉ ወደ ኦስሎ ከሚሄዱ ወንድም ጋር ልኬልሻለሁ፤ ከዚያ በፖስታ ይደርስሻል።

ሁለተኛውን ካሴት ገና እፈልገዋለሁ። የቤት ዕቃ እንደምታውቂው ነው፤ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። አትቸኩዪ።

አክስትሽ ኮከቤ

*

በርገን
የካቲት 17 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለውድ አዳዳ ኮከቤ፤

ሰላምዎ ይብዛ። እጅዎን በሁለት እጄ ይዤ እንደሳምኩ ይቁጠሩልኝ። ፍላሹ ደርሶኛል፤ ፋሩቅንም ስለኔ ያመስግኑልኝ፣ ስለ ጫቱም ለአንድ ቀን እንኳ ይቅር ይበሉት።

አባቴን አየሁት። በካሴቱ ውስጥ ስምንት ጊዜ ይታያል። መጀመሪያ አግዳሚ ወንበር በራሱ ተሸክሞ ወደ ዳሱ ይገባል። ቀጥሎ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሞ ቀኝ እግሩን በግራ እግሩ ላይ ያሳርፋል። አዳዳ፣ እኔ እንደዚያ ነው የምቆመው! የሥራ ጓደኞቼ እንደ ሽመላ ቆመሻል እያሉ ይስቁብኛል፤ ከማን እንዳመጣሁት አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ካሜራው ዞሮ የሆነ ነገር ይላል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ግን በዚያች ሰዓት የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባ ዋጠው። ስምንት ጊዜ አየሁት፣ አንድም ጊዜ አልሰማሁትም።

እርስዎን ግን ፈልጌ አጣሁዎት። የት ነበሩ?

ሁለተኛው ካሴት እንዴት ሆነ? ባየች እንደምትለኝ ቤትዎ ሁለት ክፍል ነው፤ ይህን ያህል የሚሸሸግ ነገር ይኖራል ብዬ አላስብም። ቀልዴን ነው፣ እንዳይቀየሙኝ። ግን እባክዎ ቶሎ ይፈልጉልኝ።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ለሐኪም ቤት ቅጽ ነው። በአባቴ በኩል ገና ሳያረጅ ጆሮው የደከመ ሰው ነበር? የሚያውቁትን ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ ትዕምርት

*

አሰበ ተፈሪ
ሚያዝያ 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለትዕምርት ቶላ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የትንሣኤው ጌታ ካንቺ ጋር ይሁን። እኛ ዘንድ በልጉ ቀረ፤ የዘንድሮ ደመና እንደ መጥፎ እንግዳ ብቅ ብሎ ይመለሳል። ገበሬው ሰማይ ሰማይ እያየ አንገቱ ተጣመመ። የናንተን ዝናብ ጥቂት ብትልኪልን ምን ነበረበት።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ እናታችን ሰርካ አርባ ዓመት ሳይሞላት ጆሮዋ ተዘጋ። የቤታችን ሰው ሁሉ ጮሆ የሚናገረው ለዚያ ነው። ቶላም ድምፁ እንደዚያ የጎላው ለሷ ሲል ነው፤ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ የሚዘፍንላት እሱ ብቻ ነበር። ግን ምን ዓይነት ቅጽ ነው የሞተችን አያት ጆሮ የሚጠይቀው? ፈረንጅ የማይጠይቀው የለም።

በሰርጉ ያላየሽኝ ጓዳ ስለነበርኩ ነው። የባየች እናት «ወጡን ከኮከቤ እጅ በቀር አላምንም» ብላ ከጎህ ጀምሮ ጭልፋ አስያዘችኝ። ለሦስት መቶ ሰው ስቀዳ ዋልኩ፣ አመሸሁ። ጭፈራውንም የሰማሁት ከግድግዳ ወዲያ ነው።

ሁለተኛው ካሴት ተገኝቷል። ግን ሻጋታ በልቶታል። ፋሩቅም ለእኅቱ ሰርግ መቻራ ወርዶ ብዙ ሰነበተ፤ ሲመለስ ደግሞ የዴኩ ጎማ ተበጠሰ። መብራቱንም ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ብዙ ተስፋ አታድርጊ እልሻለሁ። ፎቶ አለሽ፣ መልኩን አየሽ፣ አቋቋሙን ወርሰሻል። ከዚህ በላይ የሞተ ሰው ምን ይሰጣል?

ይልቅ እኔ የምጠይቅሽ አለኝ። አራት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ አራቱንም አላነሳሽም። በአምስተኛው አነሳሽና «ሃሎ፣ ሃሎ» ብለሽ ዘጋሽብኝ። እኔ ያንቺን ስም እየጠራሁ ነበር። አማርኛዬ ከኦሮምኛው ተቀላቅሎ አሳፍሮሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ የደሃ ዘመድ ድምፅ ከብዶሽ ከሆነም ንገሪኝ። አልቀየምም ብዬ አልዋሽሽም፣ ግን ማወቁ ይሻለኛል።

ኮከቤ

*

በርገን
ሰኔ 5 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለምወድዎት አዳዳ ኮከቤ፤

ጌታ ቅያሜውን ከልብዎ ያንሳልኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ ሥራ ቦታዬ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ልነግርዎት ያልፈለግኩትን ዛሬ እነግርዎታለሁ።

ጆሮዬ እየተዘጋ ነው። ቀኙ ከሁለት ዓመት በፊት ሄደ። ግራው በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ነው። ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ሲናገር ከንፈሩን እያየሁ እረዳለሁ፤ ስልክ ግን ከንፈር የለውም። ያን ቀን ስልኩን ሳነሳ የሰማሁት የሩቅ ወንዝ የመሰለ ነገር ነበር። እርስዎ መሆንዎን አውቄያለሁ። ምን እንዳሉኝ ስላልሰማሁ ደንግጬ ዘጋሁት። አዳዳ፣ እኔ በእርስዎ አፍሬ አላውቅም፤ ያፈርኩት በጆሮዬ ነው። ዝናቡም ዝምተኛ አልሆነም፤ እኔ ነኝ የማልሰማው።

ሐኪሟ ግራው እስከ መጪው ፋሲካ ቢቆይ ነው ብላኛለች። ከዚያ በኋላ መሣሪያ ይገጠምልኛል፤ በመሣሪያውም ድምፅ ይሰማል። ግን እንደ ድሮው አይሆንም፣ የሚያውቁትን ሰው ድምፅ እንኳ እንደ አዲስ መልመድ አለ አለችኝ። የማላውቀውንስ ድምፅ በምን አውቄ ልለምደው?

አባቴን በገዛ ጆሮዬ መስማት እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ ይበቃኛል። ካሴቱ ቢሻግትም፣ ምስሉ ቢጠፋም ግድ የለኝም፤ ድምፁ ብቻ ይምጣልኝ። ፋሩቅ ካልቻለ ካሴቱን እንዳለ ይላኩልኝ፣ እዚህ የሚሞክር ሰው አለ።

ሰርካን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ይዘፍንላት ነበር ያሉኝን መቶ ጊዜ አነበብኩት።

ልጅዎ ትዕምርት

*

አሰበ ተፈሪ
ሐምሌ 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለትዕምርት፤

ሰላም ብዬ ለመጀመር አፍ የለኝም። ጌታ ይማርሽ፣ ጆሮሽንም ይንካልሽ። ይህን በቀንና በሌሊት እለምነዋለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ እውነት ግን ሲጠራ አንቺን ያጨልምብሻል፤ ለዚህ ነው ዘጠኝ ወር ሙሉ በመብራትና በሻጋታ ሳመካኝ የኖርኩት። መብራቱ ሄዶ ነበር፤ ሻጋታውም ነበረ። ፋሩቅም መቻራ ሄዷል። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ ውሸት ነው።

ሁለተኛው ካሴት ጠፍቶ አያውቅም። ከመጀመሪያው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ነበር። አባትሽ የለበትም። በላዩ ሌላ ነገር ተቀርጾበታል። ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ።

ቶላ ሰርጉ እንዳለቀ የካሴቱ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ በቢላ ሰበራት። ያቺ ከተሰበረች ዴኩ በላዩ አይቀርጽም። «ይሄን ማንም አይነካውም፤ ትዕምርቴ አድጋ አባቷ ሲያብድ ታየዋለች» አለ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። በዓመቱ ሞተ።

እኔ ጌታን የተቀበልኩት እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው። አዲስ አማኝ እንደ አዲስ ምላጭ ነው፤ ሁሉን ይቆርጣል። ወንድሜ ሳያምን፣ ዓለማዊ ዘፈን እየዘፈነ ሄደ የሚለው ሐሳብ ያቃጥለኝ ነበር። ጎረቤት ያቺን ካሴት እያየ በሳቀ ቁጥር እሱ ላይ ኃጢአት የሚጨመር ይመስለኝ ነበር። በ1989 የቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያው ትልቅ ጉባኤ ሲደረግ ባዶ ካሴት ታጣ። ድሬዳዋ ተልኮም አልደረሰም። እኔ ተነሥቼ «አለኝ» አልኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ሽማግሌዎቹም በላዩ ምን እንዳለ አያውቁም። የተሰበረችውን ቀዳዳ ከክሊኒክ ባመጣሁት የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩባት። ለሰው ቁስል የተሰጠኝን ፕላስተር ነው። ለጌታ መባ የሰጠሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜን ያጠብኩት መስሎኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ልቤ ሲረጋ፣ ዳዊትም ዘፍኗል፣ ጨፍሯል ብዬ ሳስብ፣ ጊዜው አልፎ ነበር። ለማን ልናገር? የፈሩት ይደርሳል፤ ያንቺ ደብዳቤ ደረሰ።

ፋሩቅ ፕላስተሩን እንዳየ ካሴቱን አዙሮ አሳየኝና «ኮከቤ፣ ይሄ ያንቺ እጅ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ በኋላ አልቀለደብኝም፤ ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ይቅርታ የምለምንበት ፊት የለኝም። ብቻ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ከኔ ስሚው ብዬ ነው።

አክስትሽ ኮከቤ

*

አሰበ ተፈሪ
ኅዳር 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለትዕምርት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። አራት ወር ሞላ፤ ደብዳቤ የለም። የፖስታ ቤቱ ልጅ አሁን አይስቅብኝም፤ ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቅልኛል። መልስ ባትሰጪኝ እፈርድብሻለሁ ማለቴ አይደለም።

ጆሮሽ እንዴት ነው? ይህን ብቻ ለባየች ጻፊላት፤ እሷ ትነግረኛለች።

ባየች ባለፈው ሳምንት ከሂርና መጥታ ጮኸችብኝ። ከሐምሌ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል፤ ጾም ነው እያልኩ አሳብባለሁ። «ጾም የራሱ ማብቂያ አለው፤ ያንቺ ግን ቅጣት ነው» አለችኝ። ልጅ እያለች እኔ ነበርኩ እየተቆጣሁ የማጎርሳት።

ካሴቱን ፋሩቅ ዘንድ ትቼዋለሁ። ቤቴ ልመልሰው አልቻልኩም።

ኮከቤ

*

አሰበ ተፈሪ
ጥር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለትዕምርት ቶላ፤

ጌታ ይባርክሽ። ይህን ደብዳቤ ሳትቀድጂ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ፋሩቅ ባለፈው ዓርብ መብራት ስለነበር «ስብከቱም ቢሆን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው፣ ይገልበጥ» ብሎ ያንን ሁለተኛ ካሴት ዴኩ ውስጥ ከተተው። እስከ ዛሬ ካሴቱን ያየ ሁሉ ስብከቱ አልቆ ሲጨልም ያጠፋዋል። የዚያን ጊዜው ቀራጭ የካሜራውን ክዳን ደፍኖ ማጥፋቱን ረስቶት ኖሮ፣ ጨለማው ረጅም ነው። ፋሩቅ ግን ዴኩን እንደከፈተው ለጁምዓ ሰላት መስጊድ ሄደ፤ ከሰላት በኋላም ሰው አግኝቶ ሲያወራ ቆየ። ሲመለስ ካሴቱ ብቻውን እስከ ጫፉ ሄዶ ቆሟል። በኮምፒዩተሩ ላይ መጨረሻውን ሲያየው፣ ጨለማው አልቆ ሰርጉ ይታያል። ጉባኤው ካሴቱን አልጨረሰውም ነበር። አርባ ሴኮንድ ተርፏል።

ቤቴ ድረስ እየሮጠ መጣ። ፋሩቅ ሮጦ አያውቅም። «አላህ ያተረፈውን ነይና ስሚ» አለኝ።

ሸጎዬው አይደለም። አስቀድሜ እነግርሻለሁ፣ እንዳታዝኚ። ጭፈራው አልቆ ሰዉ ሲበተን ነው። አንቺንም በስምሽ አይጠራም። ያንን ልሰጥሽ ብችል ዕድሜዬን እለውጥበት ነበር። ግን ቶላ ነው፤ አጠገቡ የሚጮህ ጥሩምባም የለም። ምን እንደሚል አልጽፍልሽም፤ በኔ እጅ ከምታነቢው በጆሮሽ ስሚው። ፋሩቅ ሁለት ጊዜ አሰማኝ፤ ሦስተኛውን አልቻልኩም።

የጠፋው ጠፍቷል። ይህ የኔን ጥፋት አያቀልልኝም፤ ይልቅ አብሶታል። ለምን እንደሆነ ስትሰሚው ይገባሻል።

ፍላሹን ከፖስታ ይልቅ ሰው ይፈጥናል ብዬ፣ እዚህ ሆስፒታል ተመድቦ የነበረና ለትምህርት ወደዚያው አገር የሚሄድ ዶክተር ሞገስ የሚባል ልጅ አግኝቼ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ፕላስተሩን ግን ፋሩቅ አላነሳውም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት።

ኮከቤ

*

በርገን
መጋቢት 11 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአባቴ እኅት፣ ለአዳዳ ኮከቤ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ዝም ያልኩት ሰባት ወር ነው። የሐምሌውን ደብዳቤ አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። ሦስት ጊዜ መልስ ጻፍኩ፤ ሦስቱም ለአክስት የሚላኩ አልነበሩም። በአንዱ ላይ ገደሉት ብያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ሞተ ብያለሁ። ቀደድኩት እንጂ እንዳላሰብኩት አድርጌ አልዋሽዎትም።

ጆሮዬ እንደተባለው እየሄደ ነው። ጥር ላይ ቧንቧ ከፍቼ ረስቼ፣ ውኃው ኮሪደር ላይ ሲወርድ ጎረቤት ነው መጥቶ ያሳየኝ። ዶክተር ሞገስ ፍላሹን ያመጣልኝ ከዚያ በቀጠለው ሳምንት ነው። ወዲያው አልከፈትኩትም። ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ የማዳመጫውን ግራ ጎን ጆሮዬ ላይ ተጭኜ፣ እስከ መጨረሻው ድምፅ ከፍቼ ሰማሁት።

ወፍራም መስሎኝ ነበር። አይደለም። ቀጭን ነው፣ ከዘፈኑ ብዛት ይመስለኛል ትንሽ ሰልሏል። የቃሉን መጨረሻ ወደ ላይ ያነሳዋል። ሌላ ሰው እንዴት እንደሚሰማው አላውቅም፤ እኔ ግን የማውቀው ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ምን እንደሚያደርግ እርስዎ አልጻፉልኝም፤ እኔ ልጻፍልዎት። አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። አንዲት ሴት ምግብ በሳህን ትሰጠዋለች። ይቀበላታል። እጁን ወደ ሳህኑ ይሰድና ያቆማል፤ ቀና ብሎ ወደ ጓዳው በር ያያል። «ኮከቤስ?» ይላል። «ኮከቤ በላች ወይ? ከጎህ ጀምሮ ቆማ ነው የዋለችው። መጀመሪያ ለሷ ስጧት፤ እኔ እደርሳለሁ።» ሳህኑንም ይመልሳል። ካሴቱ እዚያ ላይ ያልቃል።

አንድ ጊዜ ይበቃኛል ብዬ ጽፌልዎት ነበር። አልበቃኝም። በዚህ ወር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። በየቀኑ ትንሽ ይርቃል፤ አሁን ግን ከኔ ውስጥም ይሰማል፣ ጆሮዬ ሲዘጋ ይዤው እቀራለሁ።

ይቅር ብያለሁ ለማለት ገና ነኝ፣ አዳዳ። ሸጎዬውን ፈልጌው ነበር፤ ዛሬም እፈልገዋለሁ። ስሜን ሲጠራኝ መስማት ፈልጌ ነበር። ብዙ አለቀስኩ። ግን ከአባቴ የደረሰኝ ቃል ይህ ብቻ ነው፣ እሱም ስለ እርስዎ ነው። እኔም እንደ ማንኛውም ልጅ አባቴን ልታዘዝ ይገባኛል።

ባየች እስከ ዛሬ እህል እንደማይቀምሱ ጻፈችልኝ። ቀሚስዎ እንደሰፋብዎት፣ ሰው ሲያቀርብልዎት ለሌላው እንደሚያስተላልፉ ነገረችኝ። ከፋሲካ በኋላ መሣሪያው ይገጠምልኛል። ያን ጊዜ እደውላለሁ፤ ድምፅዎን ባላውቀው እንዳይቀየሙኝ፣ እየደጋገሙ ያናግሩኝ፣ እለምደዋለሁ። እስከዚያ በደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ ነው፤ የጠየቀውም እኔ አይደለሁም።

አዳዳ፣ በልተዋል?

ልጅዎ ትዕምርት